የሆቴል ገንዳ የልጆች ዋና ሥልጠና በጅማ፦ የረጅም ርቀት ዋናተኛን እስከ የት ያደርሳል?

ፍርዱን እናስቀድም። ጅማ ውስጥ አንድ ሆቴል ቅዳሜና እሁድ ጠዋት የሚሰጠው የልጆች ዋና ሥልጠና፣ መዋኘት ጨርሶ ለማይችል ልጅ የተከፈለበት ገንዘብ የሚያስቆጭ አይደለም። 1500 ሜትር ለመዋኘት፣ ብሎም በዋና ችሎታው ኮሌጅ ለመግባት ላሰበ ልጅ ግን መንገዱ ሳይጋመስ ያልቅበታል። አሰልጣኙ ሰንፎ አይደለም። ችግሩ ያለው ገንዳው ላይና የሥልጠናው አደረጃጀት ላይ ነው።

ገንዳው ሲለካ 20 ሜትር ነው። የውድድር ገንዳ ደግሞ ወይ 50 ነው ወይ 25። በ50 ሜትር ገንዳ 1500 ሜትር የሚዋኝ ሰው 30 ጊዜ ተሻግሮ 29 ጊዜ ይዞራል፤ እዚህ 75 ጊዜ ተሻግሮ 74 ጊዜ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር ግድግዳውን በእግሩ ገፍቶ 4 ወይም 5 ሜትር የሚንሸራተት ልጅ ከርቀቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን በመንሸራተት ብቻ፣ ሳይቀዝፍ ይጨርሰዋል። ስለዚህ እዚህ የተያዘ ሰዓት ከእውነቱ አሳምሮ ነው የሚያሳየው። ያው ልጅ ረጅም ገንዳ ሲገባ ገና ግማሹን ሳያልፍ ክንዱ ይዝላል፣ ወላጅም «ምን ነካው?» ይላል። ሌላም ጣጣ አለ፦ 100 ሜትር እዚህ 5 መሻገሪያ ስለሆነ ልጁ የሚጨርሰው ከተነሳበት ማዶ ነው። አሰልጣኙ ዞሮ ካልጠበቀው የሚይዘው ሰዓት ግምት ይሆናል። በ80፣ በ200 እና በ400 ሜትር ማሠራት ይህን ያስቀረዋል፤ ሁሉም መነሻው ላይ ያልቃሉ።

ውሃው ማሞቂያ የለውም። ለውድድር የሚፈለገው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን በክረምት ማለዳ ይህ ገንዳ ወደዚያ አይጠጋም። ቀጭን ልጅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ጣቶቹ ይበታተናሉ፣ ቀዘፋው ይፈርሳል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ያለውን ቡድን ትታችሁ የ4 ሰዓቱን ምረጡ። ክሎሪኑን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም፦ ዓይን የሚያቃጥለው ኃይለኛ ሽታ ክሎሪን በዛ ማለት አይደለም፤ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ነገር ነው። መድኃኒቱ ከመግባት በፊት በሳሙና መታጠብ ነው፣ ሻወሩም አለ፤ የሚያስገድድ ግን የለም። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ካደረ የማጣሪያው ሞተርም ቆሞ አድሯል። ጥልቁ ጫፍ ላይ ቆማችሁ የወለሉን የውሃ መውጫ ማየት ካልቻላችሁ የዚያን ቀን ልጁን አታስገቡ። ነጎድጓድ ሲሰማም ወዲያው መውጣት፣ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የጅማን ክረምት ለሚያውቅ ይህ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም።

ምስጋና የሚገባው ትምህርቱ ላይ ነው። አሰልጣኙ ፊትን ውሃ ውስጥ ከትቶ ቀስ ብሎ መተንፈስን ሳያስተምር ወደ ክንድ አይሄድም። ይህ ወርቅ ነው። ጭንቅላት ቀና ባለ ቁጥር ዳሌ ይሰምጣል፣ የሰመጠ ዳሌ ደግሞ ዋናተኛውን አሸዋ እንደጫነ ጀልባ ይጎትተዋል። አጭር ርቀት ላይ በጉልበት ይሸፈናል፤ 800 ሜትር ላይ ምንም አይሸፍነውም።

የሚጎድለው መዝገብ ነው። የማንም ልጅ ሰዓት አይጻፍም። በየ6 ሳምንቱ ይህን አንድ ፈተና እንዲያሠሩላችሁ ጠይቁ፦ 400 ሜትር በሙሉ አቅም፣ በቂ ዕረፍት፣ ከዚያ 200 ሜትር በሙሉ አቅም። ልጁ 400ውን በ6፡40፣ 200ውን በ3፡10 ቢጨርስ ልዩነቱ 210 ሰከንድ ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ለ100 ሜትር 1፡45 ይመጣል። ሳይፈርስ ሊዘልቅበት የሚችለው ፍጥነት ይኸው ነው። ዋናው ሥራ 5 ጊዜ 200 ሜትር በዚሁ ፍጥነት፣ በየመሃሉ 20 ሰከንድ ዕረፍት ይሁን። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1700 ሜትር በላይ ስለሆነች ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፤ ለጀማሪ ዕረፍቱን ወደ 30 ማሳደግ ነውር የለውም። የመጀመሪያው 200 በጣም ፈጥኖ አምስተኛው ከተንኮታኮተ ልጁ አቅም አንሶት አይደለም፣ አረማመዱን አላወቀም። የእጅ መቅዘፊያ ፕላስቲክ ለልጅ አትግዙ፤ ትከሻ ይጎዳል።

«ገንዳው ካጠረ ጅማ አጠገብ ያለው የቦዬ ውሃ አለ» የሚል አይጠፋም። ቦዬ ጉማሬ አለበት። ዝም ብሎ የተኛ ውሃም የብልሃርዚያ ስጋት አለው። ክፍት ውሃ ላይ መወዳደር ራሱ በዓለም አቀፉ የዋና ደንብ ከ14 ዓመት በታች አይፈቀድም።

ስለ ኮሌጅ የሚጠይቁ ወላጆች ብዙ ስለሆኑ፦ የቱኒዚያው ኡሳማ መሉሊ በ15 ዓመቱ ከአገሩ ወጥቶ ፈረንሳይ ሠለጠነ፣ ከዚያ አሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ በ1500 ሜትር፣ በ2012 ለንደን ላይ በ10 ኪሎ ሜትር ክፍት ውሃ ወርቅ ወሰደ። ልብ በሉ፣ ከቤት የወጣው ገና ኮሌጅ ሳይደርስ፣ ለገንዳና ለአሰልጣኝ ሲል ነው። የአሜሪካ ኮሌጅ አሰልጣኞች የሚያዩት በታወቀ ውድድር፣ በተለካ ገንዳ የተመዘገበ ሰዓትን ነው፤ የሆቴል ገንዳ ሰዓት አይላክም። እዚያ ረጅሙ ውድድር 1650 ያርድ ነው፣ 25 ያርድ በሆነ ገንዳ 66 መሻገሪያ፤ ከ1500 ሜትር በ9 ሜትር ያህል ይበልጣል። የትምህርት ውጤት ከሌለ ሰዓቱ ብቻውን በር አይከፍትም።

እንደኛ ሚዛን ይህ ሥልጠና እስከ 11 ወይም 12 ዓመት ይበቃል። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ለረጅም ርቀት አይሆንም፤ ቢያንስ አራት ያስፈልጋል፣ ሆቴሉም በሥራ ቀን ለልጆች የለየው መስመር የለም። ለሦስት ወይም አራት ወላጅ ተባብሮ የረቡዕና የዓርብ ከሰዓት አንድ መስመር በወር ክፍያ መጠየቅ ያዋጣል። በየመግቢያው የምትከፍሉ ከሆነ ዝናብ ያቋረጠው ቀን እንዴት እንደሚተካ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ቁም ሳጥኖቹ ቁልፍ የላቸውም፤ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።