«ቅርጽ እናስይዝልዎ» የሚሉ የችግኝ ነጋዴዎችን ተጠንቀቁ

በደሴና በአካባቢዋ በቫዞ አበባና ቁጥቋጦ የምታሳድጉ ሁሉ፣ የበልግ ዝናብ ሊጥል ሲል «ቅርጽ እናስይዝልዎ» እያሉ ዋጋ የሚሰብሩትን የችግኝ ነጋዴዎች ታውቋቸዋላችሁ። መንገድ ዳር ጥቁር ፕላስቲክ ደርድረው የሚቀመጡት፣ ለጥያቄ ሁሉ «አብሽሩ» ብለው የሚመልሱት፣ ሌላው ለአንድ ቫዞ 500 ብር ሲጠይቅ እነርሱ በ150 ብር እንሠራለን የሚሉት ናቸው። ዋጋው ለምን እንደረከሰ ትናንት በዓይኔ ስላየሁ ንዴቴ ሳይበርድ እጽፈዋለሁ። እኛ የምንከፍላቸው ለክርከማ አይደለም፤ የገዛ ተክላችንን ቅርንጫፍ ቆርጠው እንዲወስዱና አባዝተው እንዲሸጡት ነው። የካቲት ላይ የተተከለ ቁራጭ በልጉን ጠጥቶ ክረምት ሲገባ ለገበያ ይደርሳልና ጊዜውንም በደንብ ያውቁታል።

የወሰድኩላቸው አራት ቫዞ ነበር። አንደኛው ቢጫማ ቅጠል ያለው የፈረንጅ ጥድ ሲሆን፣ የታችኛው ቅጠል ብርሃን እንዳያጣ ከሥሩ ሰፋ፣ ወደ ላይ ሾጠጥ እያልኩ ያሳደግሁት ነው። ሁለተኛው ከኮምቦልቻ ያመጣሁት ብርቱካናማ ቡገንቪሊያ ነው፤ ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስለሆነች፣ ታች ኮምቦልቻ በአንድ ክረምት አጥር የሚያለብሰው ተክል እኛ ዘንድ አንድ ቅርንጫፍ ለማውጣት ብዙ ያስጠብቃል። የቀሩት ሁለቱ ዱራንታ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ናቸው። የተነጋገርነው ነገር አንዳች ብዥታ አልነበረበትም፤ የጥዱ ጫፍ ጫፉ ብቻ ይስተካከላል እንጂ መቀሱ ቅጠሉን አልፎ ወደ ውስጠኛው ቡናማ እንጨት አይገባም፣ ከቡገንቪሊያው ረዝመው የወጡት ቀንበጦች ብቻ ያጥራሉ፣ ከየትኛውም ተክል ቢሆን ከሲሶው በላይ አይነሳም። ባለቤቱ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝና «አብሽሩ፣ እንደ ራሴ ተክል ነው የምይዝልዎ» አለኝ። በዚህ ቃሉ እንኳ አልዋሸም።

ከቀኑ 11 ሰዓት እንድመጣ ተነግሮኝ ሳለ፣ ለሌላ ጉዳይ የያዝኩት ባጃጅ በዚያው በኩል ስለሚያልፍ 9 ሰዓት ላይ ጎራ አልኩ። ከጥላው መረብ ሥር ሠራተኛው ልጅ ጄሪካን ላይ ተቀምጦ የቡገንቪሊያዬን ቅርንጫፎች ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ይቆራርጣል። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለውን እየመረጠ፣ እያንዳንዱን ስንዝር በሚሆን ርዝመት፣ የታችኛውን ጫፍ ሰያፍ የላይኛውን ደግሞ ቀጥ አድርጎ ነበር የሚቆርጠው። ችግኝ አባዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ሰያፉ ወደ አፈር እንዲገባና ቁራጩ ተገልብጦ እንዳይተከል የሚደረግ ምልክት ነው። ቆሻሻ ሊጥል የተቀመጠ ሰው የቅርንጫፍን ላይና ታች አይለይም። ከጎኑ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር የሞላባቸው ጥቁር ፕላስቲኮች ተደርድረዋል፤ ከፊሎቹም የእኔን ቁራጭ ቀድመው ተቀብለዋል።

ጥዱን ሳየው ቡገንቪሊያውን ረሳሁት። የጎን ቅርንጫፎቹ በመቀስ እንኳ አልተቆረጡም፤ የግንዱን ቅርፊት ይዘው እንዲወጡ ወደ ታች በእጅ ተገንጥለዋል፤ ቅርፊት የያዘ ቁራጭ ሥር ማውጣት ይቀናዋልና። ቢጫማው ዓይነት ከዘር ሲበቅል ቀለሙን ስለማይጠብቅ በቁራጭ ነው የሚባዛው፤ ስለዚህ ከአራቱ ቫዞዎች ከሁሉ በላይ የፈለጉት እርሱን ነበር። ከወገቡ በታች የተላጠ ሸንኮራ መስሎ ቆሟል። ዱራንታና ቡገንቪሊያ ከአሮጌ እንጨታቸውም ያቆጠቁጣሉ፣ የዘንድሮውን አበባና ቅርጻቸውን ቢያጡም ቀስ ብለው ይመለሳሉ። እንዲህ ያለው ጥድ ግን ቅጠል ከሌለው እንጨት እንደገና አያቆጠቁጥም፤ ባዶ የሆነው ጎኑ ባዶ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ደግሞ ችግኝ የሚነግድ ሰው አያውቀውም ብሎ የሚነግረኝ ካለ አላምነውም።

ባለቤቱ መጥቶ ሲያየኝ አልደነገጠም። «አብሽሩ ጋሼ፣ በልግ ሲገባ ከበፊቱ በልጦ ይመጣል» አለ። ልጁ የያዘውን እያሳየሁ «ይህስ የማን ነው?» ብዬ ስጠይቀው «የተቆረጠ ነገር ቆሻሻ ነው፤ ቆሻሻ ደግሞ የጠራጊው ነው» ብሎ መለሰልኝ፤ ልጁም ሳቀ። ቁራጮቹን በጆንያ አድርጎ እንዲመልስልኝ ብጠይቀው «ሲጸድቁ ይምጡ፣ ለእርስዎ አንዱን በቅናሽ አደርግልዎታለሁ» አለኝ። የራሴን ተክል፣ ለእኔው፣ በቅናሽ! ቀጥሎም 600 ብሩ ሳይከፈል ቫዞዎቹ ከግቢው እንደማይወጡ ተናገረ። ባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ስለነበር ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቀው ቃል ሳይመልስልኝ ፋይከስ ይዛ ወደ ገባች አንዲት ሴት ዞሮ፣ ለእኔ ያለውን ያንኑ «እንደ ራሴ ተክል» ለእርሷም ይላት ጀመር። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ጥዱን እንድታየው ነገርኳት፤ አይታው ፋይከሷን ይዛ ወጣች። ቫዞዎቹን ወደ ባጃጁ ያደረስኩት ራሴ ተሸክሜ ነው፤ ከግቢው ሰው እጁን የዘረጋ አልነበረም።

በትክክል የተከረከመ ተክል የሚጥለው ለስላሳ ቀንበጥና ቅጠል ነው፤ እርሱ እንዲሁ ቢተክሉት አብዛኛውን ጊዜ ይጠወልጋል፤ ስለዚህ ለሌባ ብዙም አይጠቅምም። ከተክላችሁ ሥር የወደቀው የእርሳስ ውፍረት ያለው የበሰለ እንጨት ከሆነ ሥራው ክርከማ አይደለም። ክርከማውን ቤታችሁ ውስጥ ዓይናችሁ እያየ አሠሩ፤ የተቆረጠው ሁሉ ለእናንተ እንደሚቀርም ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ተናገሩ፤ ይህን ስትሉ ዋጋውን ከፍ የሚያደርግባችሁን ነጋዴ ትታችሁት ሂዱ። እንደ እኔ የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ ቅጠሉ የተራቆተ ተክል እንደ በፊቱ ውሃ ስለማይጠጣ የቫዞው አፈር ላዩ ሳይደርቅ አታጠጡት፤ ማዳበሪያውንም አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ አቆዩት።