ለሁለት መኪና ቦሎ ሳወጣ

በአንድ ወር ውስጥ ሁለት መኪና ለዓመታዊ ምርመራ አቀረብኩ፤ የአዲስ አበባ ሰሌዳ ያላትን የራሴን ኮሮላ እና የክልል ሰሌዳ ያለውን የወንድሜን ፒካፕ። ሁለቱም የሚመረመሩት በአንድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው።

አዲስ አበባ ያለው ጣቢያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደርሼ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ወረፋው ያሰለቻል፣ መቀመጫም የለም። ምርመራው ግን ምርመራ ነው። መርማሪዋ መኪናዋን ራሷ ነድታ የፍሬን መፈተሻው ላይ አወጣቻት።

«ጋሼ፣ የኋላ ቀኝ ጎማዎ አይይዝም።»

«ትናንት ማታ ነድቻት ምንም አላየሁባትም» ብዬ ተከራከርኩ። ሳትመልስልኝ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። የቀኙ የፍሬን ጉልበት የግራውን ግማሽ አይሞላም። ጋራዥ ስወስዳት ሲሊንደሩ እያፈሰሰ ሸራው በፍሬን ዘይት ርሷል። አሠርቼ ተመለስኩና አለፈች። ለድጋሚ ምርመራ እንደገና መክፈሌ ግን እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ፒካፑን የወሰድኩት ወንድሜ ወደሚኖርበት የክልል ከተማ ነው። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። መርማሪው ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ክላክስ አስነፋኝ፣ ፍሬቻና የፊት መብራት አስበራኝ። ከዚያ «ፍሬን ይያዙ» አለና ወደ ኋላ ዞረ። የኋላ መብራቱ ሲበራ ቅጹ ላይ «ፍሬን» ከሚለው ጎን «ጥሩ» ብሎ ጻፈ። መብራቱ የሚናገረው እግሬ ፔዳሉን መርገጡን እንጂ ፍሬኑ መያዙን አይደለም።

ሰውየውን አልወቅስም። አዋጁ ከፌዴራል ይመጣል፣ ማስፈጸሙ የክልል ነው፤ በእሱ እጅ የደረሰው ግን ቅጽና ማኅተም ብቻ ነው፣ መሣሪያ የለውም። ቦሎው ደግሞ ክልል አይለይም። ፒካፑ እህል ጭኖ አዲስ አበባ ሲገባ የሚነዳው እኔ በምነዳበት መንገድ ነው። በሕግ ግዴታ የሆነውን የሦስተኛ ወገን መድን ወረቀት ግን ሁለቱም ጣቢያ ላይ እያገላበጡ በጥንቃቄ አይተውታል። ወረቀት ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም።

ለአዲስ አበባው ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ለወረፋው ነው። ለሌላው አንድ፣ እሱም ለመርማሪው ትሕትና።

ፒካፑን በማግስቱ ጋራዥ አስገባሁት። የፊት ግራ የፍሬን ፓዱ አልቆ ብረቱ ዲስኩን ይፍቃል። ለወንድሜ ደውዬ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና፣

«ወረቀቱ ላይ እኮ ጥሩ ይላል» አለኝ።