ብራዘር ፒአር 1055ኤክስ የጥልፍ ማሽን በፍጥነት ማስተካከያው ሲመዘን

ይህን ባለ 10 መርፌ ማሽን በለገጣፎ በምትገኘው አነስተኛ የጥልፍ ቤታችን የምንጠቀምበት በአብዛኛው ለሀበሻ ቀሚስ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምመዝነው ፍጥነቱን እንደ ጨርቁና እንደ ክሩ ጠባይ ለመቀነስ ምን ያህል ያመቻል የሚለውን ነው።

በጠፍጣፋ ፍሬም በደቂቃ ከ400 እስከ 1000 ስፌት ይሰፋል፤ በኮፍያ ፍሬም ግን ጣሪያው 600 ነው። ፍጥነቱን ከስክሪኑ ላይ፣ ሥራው ሳይቋረጥ መቀየር ይቻላል። ጠንካራ ካኪ ላይ የትምህርት ቤት አርማ በፖሊስተር ክር ሲሰፋ 850 ምንም አያሰጋም።

የሽሮ ሜዳ የእጅ ሽመና ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ድርና ማጉ ላላ ያለ በመሆኑ፣ ፍሬሙ በኃይል ወዲያና ወዲህ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጨርቁ አብሮ ይሳባል፤ በዚህም የተነሳ የጥልፉ ዙሪያ ይሸበሸባል፣ የመስቀሉም ጠርዝ ከመሙያው ስፌት ይርቃል። ስለዚህ ከሥሩ ደጋፊ ወረቀት ደርቦ ከ600 እስከ 650 ባለው ፍጥነት መሥራትን እመርጣለሁ። ቀሚሱ የሙሽራ ከሆነ ከዚህ በላይ መሄድ ለሸማኔው ድካም ክብር መንፈግ ይመስለኛል።

የማሽኑ ትልቁ ብልጫ፣ በእኔ እምነት፣ ለተመረጠ መርፌ ብቻ ዝቅተኛ ፍጥነት መመደብ መቻሉ ነው። ወርቅማ ክር በቀጭን ክር ላይ የተጠቀለለ አብረቅራቂ ሽፋን ስላለው፣ መርፌው ሲፈጥን በቀዳዳው ውስጥ እየተፋተገ ሽፋኑ ይላጣል፤ ቀጥሎም ይበጠሳል። ባለ 30,000 ስፌት ንድፍ ይዘናል እንበል፤ ከዚህ ውስጥ 6,000ው ወርቅማ ነው። ሁሉም በ400 ቢሰፋ 75 ደቂቃ ይወስዳል። ወርቅማውን ብቻ በ400፣ ቀሪውን ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ ላይ በ800 ብንሰፋው ግን 45 ደቂቃ ይበቃል፤ ቀለም ለመቀየርና ክር ለመቁረጥ የሚሄደው ጊዜ በሁለቱም ላይ ይጨመራል። ክር የተበጠሰበትን ቦታ ፈልጎ፣ ጥቂት ስፌት ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ማስጀመር የሚያባክነው ጊዜ ሲታሰብ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል።

ሆኖም ፍጥነት መቀነስ ለሁሉም ችግር መድኃኒት አይደለም። በ500 እየሠራም ክሩ የሚበጠስ ከሆነ የክሩን ውጥረት መመርመር፣ መርፌውንም መቀየር ይገባል፤ የደነዘዘ መርፌ የሽመናውን ክር እየቆረጠ ቀዳዳ ይተዋልና።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑ የቆመበትን ስፌት ማስታወሱ በእኛ አካባቢ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለቮልቴጅ መዋዠቅ ግን ስታብላይዘር መግዛት ግድ ይላል። በአንድ ጊዜ የሚሰፋው አንድ ልብስ ብቻ ስለሆነ፣ በመቶ የሚቆጠር የደንብ ልብስ የሚቀበል ድርጅት ባለ ብዙ ራስ ማሽን ቢገዛ ይሻለዋል። ቀሚስ በትእዛዝ ለሚሠራ ጥልፍ ቤት ግን ይህንኑ ያለማመንታት እመክራለሁ።