የሦስት ቀን የመሪነት ሥልጠና ለአጥቢያ ሽማግሌዎች፦ ምኑ ይጠቅማል? ምኑ ይቆረጥ?

አዲስ ሽማግሌዎች ሲመረጡ፣ ወይም በነባሮቹ መካከል ነገር ሲካረር፣ በወንጌላውያን አጥቢያዎች ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «ሥልጠና እናድርግ» የሚል ነው። አሰልጣኙ ፕሮጀክተሩንና የታተመ መምሪያውን ይዞ ዓርብ ከሰዓት ይደርሳል። አጥቢያዋ አዳራሽ፣ ምሳና ሻይ ቡና ታሰናዳለች። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሰርተፍኬት ታድሎ ይበተናል። ይዘቱ ከአንዱ አዘጋጅ ወደ ሌላው ሲሄድ ብዙም ስለማይለወጥ እዚህ የሚገመገመው አንድ ድርጅት ሳይሆን ጥቅሉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ክፍል አለው፦ የመሪው ባሕርይ፣ አገልጋይ መሪነት፣ ራእይ፣ ግጭት አፈታት፣ ገንዘብ፣ ተተኪ ማፍራት።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። የባሕርዩ ክፍል በአግባቡ ከተሠራ ለሥልጠናው የወጣውን ወጪ ብቻውን ይመልሳል። የራእዩ ክፍል ግማሹ ቢቀር የሚጎዳ ሰው የለም። የገንዘቡ ክፍል ደግሞ እሁድ ጠዋት ሁሉም ደክሞት፣ ግማሹ ለመዘምራን ልምምድ ወጥቶ፣ በ40 ደቂቃ የሚታለፍ ነው። ትልቁ ጉድለት እዚያ ነው።

የባሕርዩ ክፍል መነሻ 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥1-7 ነው፤ ቲቶ 1፥5-9 ይደገፍበታል። ጥሩ አሰልጣኝ ከመጀመሪያው «ኤጲስ ቆጶስ» የሚለውን ቃል ይፈታል። ብዙ ሽማግሌ ቃሉን ሲያነብ «ይህ ስለ ጳጳስ ነው እንጂ ስለ እኔ አይደለም» ብሎ ያልፋልና። የግሪኩ ቃል በላይ ሆኖ የሚመለከት፣ የሚጎበኝ ማለት ነው፤ ጳውሎስም በቲቶ ምዕራፍ 1 ላይ ቁጥር 5 «ሽማግሌዎች» ብሎ ጀምሮ ቁጥር 7 ላይ «ኤጲስ ቆጶስ» እያለ ይቀጥላል። ይህ ከተያዘ በኋላ ዝርዝሩ በሰሌዳ ላይ ይጻፍና የትኛው ችሎታ፣ የትኛው ባሕርይ እንደሆነ ይለይ። ለማስተማር መብቃት ችሎታ ነው። ቤትን በመልካም ማስተዳደር ችሎታም ባሕርይም ነው። ከቀረው አብዛኛው፣ አለመስከሩ፣ አለመጨቃጨቁ፣ ገርነቱ፣ ገንዘብ አለመውደዱ፣ እንግዳ መቀበሉ፣ ባሕርይ ነው። አንደበተ ርቱዕነት የለበትም። ዲግሪ የለበትም። ጥሩ ድምፅም የለበትም። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ይህን የሚያይ የምርጫ ኮሚቴ ባለፈው ጊዜ በምን መስፈርት እንደመረጠ ወዲያው ያስታውሳል።

ከዚያ የሚከተለው የመጠይቅ ቅጽ ነው፤ የሚበላሸውም እዚህ ነው። ቅጹ እያንዳንዱን ባሕርይ ከ1 እስከ 5 ያስመዝናል፤ የሚሞሉትም ያው አብረው የሚያገለግሉት ሰዎች ናቸው። ይሉኝታ ባለበት አገር ይህ ምን እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፦ ሁሉም 5፣ ቅር የተሰኘ ካለ 4። ማስተካከያው ቀላል ነው። አንደኛ፣ ነጥቡን ሰርዞ በእርግጥ የተፈጸመውን ነገር መጠየቅ። «እንግዳ ተቀባይ ነው?» ሳይሆን «ባለፉት ሁለት ወራት ከቤተ ክርስቲያን ሰው ውጪ ማን ቤቱ ገብቶ በላ?»። «ቁጡ ነው?» ሳይሆን «መጨረሻ የተቆጣው በምን ነበር? በኋላስ ምን አደረገ?»። ሁለተኛ፣ መላሾቹን መቀየር። ቁጥር 7 በውጭ ካሉት ሰዎች መልካም ምስክር እንዲኖረው ስለሚያዝ ቢያንስ አንዱ መላሽ የሥራ ባልደረባ ወይም ጎረቤት ይሁን፤ ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆን እንዲያውም ይሻላል። ሌላዋ ሚስቱ ናት፤ ብቻዋን፣ ባልየው በሌለበት ትጠየቅ። እዚህ ላይ የሚያመነቱ አሰልጣኞች ብዙ ናቸው፤ ግን «የራሱን ቤት በመልካም የሚያስተዳድር» የሚለውን ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

አገልጋይ መሪነት። ቃሉ ከመለመዱ የተነሣ ጣዕሙ ሊጠፋ ደርሷል። መነሻው ማርቆስ 10፥42-45 እና ዮሐንስ 13 ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት የእግር ማጠብ ልምምድ ይደረጋል። ሁኔታው እንዲህ ነው፦ ሁለት ሳፋ፣ ጀሪካን ለብ ያለ ውኃ፣ አዲስ ነጭ ፎጣ። ዋናው ፓስተር ኮቱን አውልቆ ይንበረከካል፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ወጣት አገልጋይ ከሐፍረት ብዛት እግሩን ወደ ኋላ ይሰበስባል፤ መዝሙር ይገባል፤ አንድ ሁለት ሰው ያለቅሳል፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ማታውኑ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ነው። ልምምዱ ክፉ አይደለም፤ ኢየሱስ ያጠበው ግን ማንም ሊሠራው ያልፈለገው ሥራ ስለነበር ነው እንጂ ሥርዓት ሊያሳይ ብቻ አልነበረም። አዲስ ፎጣ የተገዛለት እግር ደግሞ ጠዋት ታጥቦ የመጣ ነው። ጊዜው በተሻለ የሚወጣው አጥቢያዋ ውስጥ ማንም የማይፈልጋቸውን ሥራዎች በመዘርዘር ነው፦ የሽንት ቤት ጽዳት፣ ከጉባኤ በኋላ ወንበር መደርደር፣ አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ መጠየቅ፣ የሌሊት ጥበቃ ተራ። ከዚያ የሽማግሌዎቹ ስም በተራ ይግባበት፤ የፓስተሩም ጭምር። ስልክ ይዘጋ።

የራእዩን ክፍል በአጭሩ እንለፈው። ግማሹ ከኩባንያ ሥራ አመራር የተቀዳ ነው፤ ተልእኮ፣ ዋና ዋና እሴቶች፣ የአምስት ዓመት ግብ፤ መጨረሻው አዳራሹ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ባነር ነው። ምሳሌ ሆኖ የሚቀርበው ነህምያ ነው፤ ቅጥሩን በ52 ቀን መጨረሱ ይነገራል። ሳይነገር የሚቀረው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ምዕራፍ 2 ላይ ነው፦ ኢየሩሳሌም ደርሶ ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ በሌሊት፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር፣ ለማንም ሳይናገር የፈረሰውን ዞሮ አየ። መጀመሪያ ፍርስራሹን አየ፤ ንግግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ሌላው ምዕራፍ 5 ነው፣ ከቁጥር 14 እስከ 18። ነህምያ 12 ዓመት ገዥ ሆኖ የገዥነቱን ቀለብ አልበላም፤ ከእሱ በፊት የነበሩት ገዥዎች ከሕዝቡ እንጀራና ወይን ሌላም 40 ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር፤ እሱ ግን 150 ሰው በገበታው እያስቀመጠ፣ በየቀኑ አንድ በሬና ስድስት የሰቡ በጎች እየታረዱ፣ ያን ቀለብ አልጠየቀም፤ ምክንያቱንም ሲናገር ሕዝቡ ላይ ሥራው ከብዶ ስለነበር ነው ይላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ላደገ ሰው ከባነሩ ሁሉ ይልቅ ይህ ምዕራፍ ይሠራል። መምሪያው ውስጥ ግን የለም፣ ካለም ለቤት ሥራ የተተወ ነው።

ሌላም ቅሬታ አለ። ስላይዶቹ የውጭ ኩባንያ ሥራ አስኪያጆችን ምስል ይደረድራሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለፋሺስት አልገዛም ብለው በጥይት የተደበደቡት አቡነ ጴጥሮስ፣ ወይም የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆነው ከአገር የመውጣት ዕድል እያላቸው ከምእመናናቸው ጋር ቀርተው ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ሰዎች ታፍነው የተገደሉት ቄስ ጉዲና ቱምሳ አንድ ስላይድ እንኳ አያገኙም። መሪ ለመንጋው ምን ይከፍላል ለሚለው ጥያቄ ከእነዚህ የቀረበ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

የግጭት አፈታቱ ክፍል መካከለኛ ነው። ማቴዎስ 18፥15-17 በደንብ ይሰጣል፦ መጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን። የሚስተው መሪው ራሱ የተከሰሰ ጊዜ ነው። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19-20 ሁለት ነገር አጣምሮ ይዟል፤ በሽማግሌ ላይ ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር አይቀበሉም፤ ኃጢአት ከተገኘበት ግን በሁሉ ፊት ይገሠጻል። በተግባር የመጀመሪያው ግማሽ እየተጠቀሰ ሁለተኛው «ገመና እንሸፍን» በሚለው ይዋጣል። ገንዘብ የጎደለበት ወይም ሴት ልጅ የተደፈረችበት ጉዳይ ሲሆንም በሽምግልና ተይዞ ይቀራል፤ ይህኛው የሕግ ጉዳይ እንደሆነና ሽማግሌ ሊያስታርቀው እንደማይችል አሰልጣኙ በግልጽ ካልተናገረ ክፍሉ ጎድሏል። የሐዋርያት ሥራ 6 ግን ሁልጊዜ ይሠራል፦ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተረሱ የሚል ማጉረምረም ተነሣ፤ ሐዋርያቱ አጉረምራሚዎቹን ዝም አላሰኙም፤ በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ የሰባቱም ስም ግሪክኛ ነው። ሥልጣኑን ቅሬታ ካነሣው ወገን ለሚመስሉ ሰዎች ሰጡ ማለት ነው። በቋንቋ ወይም በሰፈር ለሁለት የተከፈለች አጥቢያ ከዚህ አንድ ምዕራፍ የምትወስደው ብዙ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። መሠረቱ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥19-21 ነው፤ ጳውሎስ የሰበሰበውን እርዳታ ብቻውን አይዝም፣ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮት ይሄዳል፣ ምክንያቱንም ሲናገር በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። «እኔን ትጠራጠሩኛላችሁ ወይ?» ለሚል መሪ መልሱ ይኸው ነው። ጥያቄው የመጠርጠር አይደለም፤ ሐዋርያውም ራሱን አስቆጥሯል።

መምሪያዎቹ ጥቅሱን አንብበው «ግልጽነት ይኑር» ብለው ያልፋሉ። መሠልጠን ያለበት ግን ጠረጴዛው ላይ የሚሆነው ነገር ነው። እሁድ ከአምልኮ በኋላ መባው ሦስት ሰው ባለበት ይገለበጣል፤ ሦስቱ ዘመዳሞች አይሁኑ፣ ገንዘብ ያዡም ከቆጣሪዎቹ አንዱ አይሁን። አንዱ 200ውን፣ 100ውን፣ 50ውን፣ 10ሩን ለየብቻ ደርድሮ ይቆጥራል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ውጤት ሳይሰማ ደግሞ ይቆጥራል፤ ሁለቱ ካልገጠሙ ከዜሮ ይጀመራል። ሦስተኛው በሁለት ቅጂ ይጽፋል፤ ሦስቱም ይፈርማሉ። ገንዘብ ያዡ በዚያው መጠን ደረሰኝ ቆርጦ ይረከባል፤ ሰኞ ጠዋት ባንክ ያስገባል፤ የባንኩ ወረቀት ከመቁጠሪያው ቅጽ ጋር ይያያዛል። ሙሉ ሥራው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

የሚበላሸው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው፣ ገንዘቡ ባንክ ሳይገባ «ለአስቸኳይ ነገር» ይነካል፦ ለእንግዳ ዘማሪ ትራንስፖርት፣ ለታመመ ሰው፣ ለጄኔሬተር ነዳጅ። ወጪው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ገቢ ሳይደረግ የወጣ ገንዘብ በመዝገብ ላይ የለም፣ ከዓመት በኋላ ኦዲተር ሲመጣም ንጹሑ ሰው ከሌባው አይለይም። መፍትሔው መጠኑ የተወሰነ መጠባበቂያ ለብቻው ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛውና አሁን አሁን የባሰው አስራት በስልክ ወደ ፓስተሩ የግል ሒሳብ መላኩ ነው። ለምእመኑ ይቀለዋል፤ ፓስተሩም አላጭበረበረ ይሆናል፤ ግን ያለ ምንም መከላከያ ተጋልጧል። ሒሳቡ በቤተ ክርስቲያኗ ስም ይከፈት፣ ከሦስት ፈራሚዎች የሁለቱ ፊርማ ያውጣ። አሰልጣኙ ይህን ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ትኩስ እያለ፣ በእውነተኛ ቅጽና በወረቀት ብር ካላለማመደ እሁድ ላይ የሚያደርገው ንግግር ዋጋ የለውም።

ተተኪ ማፍራት ላይ ጥሩ ነገር አለ። ዘኍልቍ 27 ላይ ሙሴ ራሱ ተተኪ እንዲሾም እግዚአብሔርን ጠየቀ፤ ኢያሱንም በማኅበሩ ሁሉ ፊት አቁሞ እጁን ጫነበት። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥22 ደግሞ እጅ በመጫን መቸኮልን ይከለክላል። የሁለቱ ሚዛን በተግባር የሙከራ ጊዜ ነው፤ እጩው ድምፅ ሳይኖረው ስብሰባ እየተቀመጠ፣ አንድ የአገልግሎት ክፍል ይዞ፣ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ይታይ። የሚጎድለው የመውጫው በር ነው። የአገልግሎት ዘመን ስንት ነው? ያለቀበት ሽማግሌ የት ይቀመጣል? ቁልፉን፣ ማኅተሙንና ቃለ ጉባኤውን ለማን፣ በምን ቅጽ ያስረክባል? ብዙ መከፋፈል የሚጀምረው ከማኅተም ርክክብ ነው። በዓረብ አገር ላሉ ኅብረቶች ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጣል፤ አባላቱ በሥራ ውል የሚኖሩ ስለሆኑ መሪው በአጭር ማስጠንቀቂያ አገር ሊለቅ ይችላል፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኃላፊነት ከመጀመሪያው ሁለት ሰው ይመደብ።

ልትጋብዙ ያሰባችሁ እንደሆነ ቁጥሩን ከ25 ሰው አታሳልፉ፤ 80 ሰው የተቀመጠበት አዳራሽ ስብከት እንጂ ሥልጠና አይሆንም። መምሪያውን አስቀድማችሁ ጠይቁና ነህምያ 5፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 8 እና 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 እንዳሉበት እዩ። ዋናው ፓስተር ሦስቱንም ቀን የማይቀመጥ ከሆነ ቀኑን አዛውሩት፤ እሱ በሌለበት የተማሩትን ሽማግሌዎች ሰኞ ዕለት «ይህማ እኛ ጋ አይሠራም» ብሎ ይመልሳቸዋል። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ የመቁጠሪያ ቅጾቹንና የሥራ ተራውን ዝርዝር የሚያይ አሰልጣኝ ካገኛችሁ የሰርተፍኬቱን ማሳተሚያ ቀንሳችሁ ለትራንስፖርቱ ክፈሉት።