ናፍቆትን በኦዳሲቲ መሥራት

ጓደኛዬ ለጻፈው አጭር የሬዲዮ ድራማ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ማዘጋጀት ነበረብኝ። ጅዳ የምትሠራ ልጅ ሌሊት ተኝታ የእናቷን ቤት ታስታውሳለች። ንግግር የለም፣ ናፍቆቱ በድምፅ ብቻ መምጣት አለበት። ሥራውን ከዳር እስከ ዳር የጨረስኩት ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ መቅጃና ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው።

ፕሮግራሙ ነፃ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 ጀምሮ አለ፤ ዊንዶውስ፣ ማክና ሊነክስ ላይ ይሠራል። መልኩ አያምርም፣ ግን የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንኳን አልከበደም።

መጀመሪያ ያገኘሁትን ሁሉ ከመርኩት። ሲቆላ የሚንጣጣ ቡና፣ ሙቀጫ፣ ዶሮ፣ ከሩቅ የሚሰማ ቅዳሴ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ሳዳምጠው ገበያ መሰለኝ። ሞቅ ይላል እንጂ አንጀት አይበላም። ከዚያ አንድ በአንድ እያጠፋሁ ስሞክር ሙቀጫውና ዝናቡ ብቻ ቀሩ።

ሥራውን የቀየረው ሎው ፓስ ፊልተር ነው። ከመረጣችሁት ፍሪኩዌንሲ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ያዳክማል። 800 ሄርዝ ላይ ሳደርገው የዘነዘናው ሹል ምት ጠፍቶ ድፍን ያለ “ዱም፣ ዱም” ብቻ ቀረ፤ ልክ ጠዋት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁ እናታችሁ ከግድግዳው ወዲያ ቡና ስትወቅጥ እንደምትሰሙት። ለኔ ናፍቆት ማለት ይሄ ነው፣ ከግድግዳ ወዲያ የሚሰማ ነገር። ሮልኦፍ የሚለውን፣ ማለትም ፊልተሩ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያዳክም የሚወስነውን፣ ግን ወደ 24 ዴሲቤል ከፍ አድርጉት፤ 6 ላይ ከተዋችሁት ለውጡ ብዙም አይሰማም።

የጅዳውን ክፍል ኤሲ አልቀዳሁም። ጀነሬት በሚለው ሜኑ ውስጥ ኖይዝ አለ፣ እዚያ ብራውኒያን የሚለውን መርጬ ድምፁን ዝቅ ሳደርገው ቁርጥ ኤሲ ሆነ። ሙቀጫውን መሀል ላይ በድንገት ቆረጥኩትና ኤሲው ብቻውን 10 ሴኮንድ እንዲቆይ ተውኩት። ጅዳ 8 ዓመት የኖረችው አክስቴ ስትሰማው “ለምን ቆመ?” አለችኝ፣ ማዳመጫውንም ከጆሮዋ ሳታወልቅ ዝም ብላ ጠበቀች።

ሁካታ የሚቀንሰውን ኖይዝ ሪዳክሽን በልኩ ተጠቀሙ። ሁካታው ብቻ ያለበትን ቦታ መርጣችሁ ፕሮፋይል (የሁካታውን ናሙና) ታስወስዱታላችሁ፣ ከዚያ ሙሉውን መርጣችሁ ትደግሙታላችሁ። ከመጠን በላይ ከጫናችሁት ግን ድምፁ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል፣ የቤቱም እስትንፋስ አብሮ ይጠፋል። ሌላው፣ ሴቭ ስታደርጉ የሚቀመጠው የኦዳሲቲ ፕሮጀክት ነው፤ ለሰው የምትልኩትን ፋይል ለማውጣት ኤክስፖርት ማድረግ አለባችሁ።

ሙቀጫ በስልክ የምትቀዱ ከሆነ ደግሞ ስልኩን ወለል ላይ አታስቀምጡት፣ ምቱ በወለሉ አልፎ ማይኩን ያንቀጠቅጠዋል። እኔ አራት ቦታ የታጠፈ ጋቢ ላይ አድርጌ ነው የቀዳሁት።