ፍሬን ሲጮህ የትኛው ሸራ ይገዛ? ኦርጋኒክ፣ ሴሚ ሜታሊክ ወይስ ሴራሚክ

ባለፈው ክረምት የቪትዜ ፍሬን መጮህ ጀመረ። መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር እግረኛው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ሸራው አልቆ ነው ብዬ ሶማሌ ተራ ወረድኩና መጀመሪያ ያገኘሁት ሱቅ ያቀረበልኝን ርካሽ ሸራ ገዝቼ አስገጠምኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጩኸቱ ብሶበት ተመለሰ። የወለቀውን አሮጌ ሸራ አንስቼ ስለካው ገና 6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፤ አዲስ ሸራ ራሱ እኮ 10 ወይም 12 ቢሆን ነው። ጥፋቱ የካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ የሚጫናቸው ብረት) መንሸራተቻ ፒን ነበር፣ ደርቆ ተይዟል። ሸራው በከንቱ ተኮነነ።

ስለዚህ ኪሳችሁ ከመግባታችሁ በፊት ጩኸቱን ለዩት። ዝናብ ካደረ ወይም መኪናው ከታጠበ በኋላ ጮሆ፣ ሦስት አራቴ ፍሬን ስትይዙ የሚጠፋ ከሆነ ዲስኩ (ሸራው የሚይዘው፣ ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ብረት) ላይ ያደረ ስስ ዝገት ነው። ምንም አትግዙ። ቀጭን ፉጨት ሆኖ ቀኑን ሙሉ የማይለቃችሁ ከሆነ ግን ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሸራዎች ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ አለች፣ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ ተብላ የተሠራች ናት። ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ መንዳቱን እዚያው አቁሙት፣ ሸራው አልቆ ዲስኩን እየበላው ነው።

ለማየት ክሪክ፣ የጎማ መፍቻና የስልክ መብራት ይበቃል። ሜዳ ቦታ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የማይነሳውን ጎማ በድንጋይ ደግፉ፣ ዳዶዎቹን ጎማው ገና መሬት ላይ እያለ አላሉ። በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ከስር አትግቡ። ጎማውን አንስታችሁ አውልቁና ሸራውን እዩት፤ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ መቀየር ነው፣ ያውም ግራና ቀኙን አንድ ላይ። የውስጠኛውና የውጪኛው ሸራ እኩል ካላለቁ የእኔን ፒን አስታውሱ። ፒኑን አውጥታችሁ ጥረጉና ለፍሬን የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ ቀቡት። ተራው ግራሶ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ከዚሁ ከፍሬኑ ግራሶ ሸራው ጀርባ ላይም ስስ አድርጉ፤ ፊቱን ግን ጠብታ እንዳይነካው፣ ከነካው ሸራው ሄደ ማለት ነው። አቧራውን በአፍም በአየርም አትንፉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። አንዳንድ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ አለበት።

መግዛት ግድ ከሆነ እንግዲህ ምርጫው ሦስት ነው።

ኦርጋኒክ የሚባለው ከፋይበር፣ ከጎማና ከሙጫ የተሠራ ለስላሳ ሸራ ነው። ዝምተኛ ነው፣ ዲስክ አይጎዳም፣ ርካሽ ነው። ቶሎ ያልቃል፣ ሲግል ደግሞ ይዳከማል። የጃፓን መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ በብዛት የሚገጠምላቸው ከዚሁ ወገን ነው፤ ስለዚህ «ኦርጋኒክ አይረባም» የሚላችሁን ሻጭ እለፉት።

ሴሚ ሜታሊክ ከክብደቱ ከ30 እስከ 65 በመቶው ብረት ነው። ሙቀት ይችላል፣ ጭነት ይችላል። ግን ይጮኻል፣ ዲስክ ይበላል፣ ቸርኬውንም በጥቁር አቧራ ያለብሰዋል። ጩኸት ሸሽቶ ይህን መግዛት ከዝናብ ሸሽቶ ወንዝ መግባት ነው፤ እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ለሚኒባስ፣ ለፒክአፕ፣ ጭኖ ለሚሄድ ሰው ግን ሌላውን አልመክርም። ከጎሃ ጽዮን አባይ ድልድይ ድረስ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ እዚያ ላይ ለስላሳ ሸራ ጭነት ይዞ ማውረድ ቀልድ አይደለም። በዓመት አንዴ ባዶ መኪና ይዛችሁ ለምትወርዱት አባይ ብላችሁ ግን ዓመቱን ሙሉ ጩኸት አትግዙ። ማርሽ ቀንሱና በሞተር ውረዱ።

ሴራሚኩ ከሦስቱ ዝም ያለውና ንጹሁ ነው። አቧራው ነጣ ያለ ስለሆነ ቸርኬ ላይ ብዙም አይታይም፣ ዕድሜም አለው። ችግሩ ዋጋው ነው፣ ደግሞም ገና ሳይሞቅ ትንሽ ይለግማል። ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ፣ ብር ካለ ይህን እገዛለሁ፤ ከሌለ ደህና ኦርጋኒክ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለቆመ ያለንን መኪና ገና ብዙ ዓመት እንነዳዋለን፣ እና ዲስክ የማይበላ ሸራ ላይ ትንሽ መጨመር ያዋጣል ባይ ነኝ።

ሱቅ ስትገቡ ካርቶኑን ሳይሆን ሸራውን ራሱን አገላብጡት። ብዙዎቹ ጠርዛቸው ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል አለ፦ የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። በሰበቃ መጠን (ቁጥሩ ሲበልጥ ይበልጥ ይይዛል) ኢ (E) ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ (F) ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ (G) ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ኤፍ ኤፍ ለቤት መኪና ጥሩ ነው፣ ኢ ኢን እኔ አልገዛም። ፊደሉ ስለ ዕድሜም ስለ ጩኸትም አይነግራችሁም፣ ስለ መያዝ ብቻ ነው። 90 አር (90R) የሚል ምልክት ካለበት የአውሮፓን መስፈርት አልፏል ማለት ነው፣ ምልክቱ ራሱ ፎርጅድ ካልሆነ። ጠርዙ በጥፍር ሲነካ የሚፈረፈር፣ ጀርባው የዛገ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ከሆነ መልሱለት። ከጀርባ የምትለጠፈው ስስ ቆርቆሮ (ሺም) እና ክሊፖቹ አብረው መኖራቸውንም ጠይቁ፤ ርካሹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቀሩት እነሱ ናቸው፣ ጩኸት የሚያፍኑትም እነሱው።

ስትገጥሙ ፒስተኑን (ካሊፐሩ ውስጥ ሆኖ ሸራውን የሚገፋውን) ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ መልሱት፣ የፍሬን ዘይቱ ከጣሳው ሞልቶ እንዳይፈስ እያያችሁ፤ ቀለም ይልጣል። ከመነሳታችሁ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ፣ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው። ከዚያ ጭር ያለ መንገድ ፈልጋችሁ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት እያወረዱ ስምንት አሥር ጊዜ ያዙት፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ፣ መሀል መሀሉን ንፋስ እንዲያገኝ እየነዳችሁ። ሸራው ከዲስኩ ጋር የሚላመደው ያኔ ነው፤ ይህን ሳታደርጉ ጮኸብን ብላችሁ ሻጩ ጋ አትመለሱ።