ለእናቴ መስኮት የገጠመልንን ልጅ አመስግኑልኝ

ይህን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ መጋቢት ላይ ነበር። ሆን ብዬ ነው የቆየሁት፤ ክረምቱ ይለፍና ልየው ብዬ። በፀሐይማ የማያምር መስኮት የለም። ይኸው ሐምሌም ነሐሴም አለፈ፣ መስከረም ጠባ፣ የእናቴ ክፍል ግድግዳ ደረቅ ነው። በእጄ እየዳሰስኩ ነው የምነግራችሁ። ደረቅ! አልሐምዱሊላህ።

ቤታችን ደሴ ነው፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደጃፍ ላይ ይተኛል። እኔ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት ሹራብ ደርቤ እወጣለሁ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ አወልቃለሁ፣ ማታ መልሼ እለብሳለሁ። እማን ስንት ጊዜ «ክረምቱን እንኳ ኮምቦልቻ ቤት ልከራይልሽ» ብያታለሁ። እሺ አትልም። መደቧ ከመስኮቱ ስር ነው። አባቴ በሕይወት እያለ ከሰኞ ገበያ ሲመለስ ገና ከመታጠፊያው የምታየው በዚያ መስኮት ነበር። ጀበናውን የምትጥደው እሱን ስታይ ነው። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እሷ አሁንም እዚያው ትቀመጣለች።

መስኮቱ ግን አልቆለት ነበር። የድሮ የብረት መስኮት ነው፤ ዝጓል። መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ተፈርፍሮ ወድቋል። በ2014ቱ ጦርነት ደግሞ ሁለት መስታወት ረገፈ፤ ካርቶንና ላስቲክ ለጥፈን ነው የከረምነው። እማ አስም አለባት። ሌሊት እሷ ስታስል እኔም አልተኛም።

ከዚህ ልጅ በፊት ሁለት ሰው ሞክሬያለሁ። ስማቸውን አልጠራም፣ ሰፈራቸውንም አልናገርም። ግን ልቤ ስለቆሰለ ትንሽ ልተንፍስ። አንደኛው 15 ሺህ ብር ቀብድ ተቀበለኝ። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ። ያቺ ቅዳሜ አለፈች፣ ሌላዋም አለፈች። መጀመሪያ «ብረት ጠፋ»፣ ቀጥሎ «መብራት የለም»፣ በመጨረሻ ስልኩ ዝግ። ሱቁ ድረስ ብሄድ ጎረቤቶቹ «ለቋል» አሉኝ። ያ ገንዘብ የስንት ወር ቁጠባ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሁለተኛው መምጣቱንስ መጥቷል። ባይመጣ ይሻለኝ ነበር። ሜትሩን አንድ ቦታ ላይ ዘርግቶ፣ ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጽፎ ሄደ። ሠርቶ ያመጣው መስኮት አልገባ አለ። ግድግዳውን በመሮ ፈልፍሎ በግድ አስገባው፤ በጎን የተረፈውን ክፍተት በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠቅጥቆ ከላይ ለሰነው። በመጀመሪያው ዝናብ ውሃው የእናቴ ፍራሽ ላይ ወረደ። ስደውልለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እሱ የግድግዳው ችግር ነው፣ እኔ መስኮት ነው የሠራሁት።» እማ ፊት አለቀስኩ። ከእንግዲህ ባለሙያ የሚባል ቤቴ አላስገባም ብዬ ነበር።

ይህን ልጅ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ፈራሁ፣ ግን «ለዓይን ብቻ ይምጣ» ብዬ ጠራሁት። ሠላሳ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ወደ መስኮቱ ከመሄዱ በፊት እማን ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። ከዚያ ለካ፤ ላይ፣ መሃል፣ ታች። ወርዱን ሦስት ቦታ፣ ቁመቱንም ሦስት ቦታ። ለምን ስለው «የድሮ ቤት ግድግዳ ቀጥ ብሎ አይገኝም፣ የምንይዘው ትንሿን ልክ ነው» አለኝ። ይህ ገባኝ። ስለ አልሙኒየሙ፣ ስለ ጎማውና ስለ ሲሊኮኑ ያስረዳኝ ግን አልገባኝም፣ እሱን ለባለሙያ ልተወው።

እኔን ያሸነፈኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው።

«እናቴ፣ የት ነው የሚቀመጡት?» አላት።

«እዚሁ ነው ልጄ፣ ከመደቡ።»

«እስቲ እንደ ሁልጊዜው ይቀመጡልኝ። አሁን መስኮቱን ሊከፍቱ እንደፈለጉ እጅዎን ይዘርጉ።»

እማ ቀኝ ትከሻዋን ያማታል፣ ከፍ አይልላትም። እስከምትችለው ዘረጋች። ልጁ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደና በጣቶቿ ጫፍ ልክ ግድግዳው ላይ ሰረዝ አደረገ። «መክፈቻው እዚህ ላይ ነው የሚሆነው» አለ። በቃ። እኔ ልጇ፣ አንድ ቤት አብሬያት እየኖርኩ፣ መስኮት ለመክፈት በተነሳች ቁጥር ምን ያህል እንደምትሰቃይ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። እሱ ባየን በአሥረኛው ደቂቃ አየው።

ሊገጥም የመጣው ሁዳዴና ረመዳን በተገናኙበት ሰሞን ነው። እሱ ሁዳዴ ይዟል፣ እኛ ረመዳን። ከቀጠሮው አንድ ቀን ዘግይቷል፣ ግን ከመዘግየቱ በፊት ደውሎ ነግሮኛል። አሮጌውን ነቅሎ ሲያበቃ የበልጉ ደመና መጣ። ቀዳዳው አፉን ከፍቷል፣ እኔ ልቤ ሊወጣ ነው። «አብሽሪ እህቴ» አለኝ። «እናቴ በብርድ አያፈጥሩም።» ከረዳቱ ጋር ውሃ ልኩን እያስቀመጡ፣ እያነሱ፣ እንደገና እያስቀመጡ ሠሩ። በስተመጨረሻ በስልክ መብራት ነው የሠሩት። የመግሪብ አዛን ሲሰማ የመጨረሻውን መስታወት እየዘጋ ነበር። ሲዘጋ የንፋሱ ድምፅ ቆመ። ክፍሉ ውስጥ የአዛኑ ድምፅ ራሱ ራቅ አለ።

እማ ቴምሯን እንደቀመሰች መጀመሪያ ያቀረበችው ለእነሱ ነው። ሽሮውን በዘይት፣ ቅቤ ባልነካው ድስት ለብቻ ሠርታ ነበር። «ጾምህን አውቃለሁ ልጄ፣ ሳትጠራጠር ብላ» አለችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገችለት። እሱም ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ፣ እንባዬ መጥቶ።

ዋጋው ርካሽ ነው አልልም። ከሁለቱም ሰዎች በላይ ነው የጠየቀኝ። ግን ቀብዱን ሲወስድ ወረቀት ጽፎ ፈርሞ ሰጠኝ። ሐምሌ ላይ ያ ከባድ ዝናብ በጣለ በማግሥቱ ሳልጠራው መጣ። የመስኮቱን ጠርዝ ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰ፣ ከውጭ ውሃው ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ ደጅ እየወረደ መሆኑን አየ፣ ቡና ጠጥቶ ሄደ። ሳንቲም አልጠየቀም። ሥራውን ተከታትሎ የሚመጣ ባለሙያ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ስለዚህ እባካችሁ ደሴም ኮምቦልቻም ሐይቅ ከተማም ያላችሁ፣ በር ወይም መስኮት ልታሠሩ ካሰባችሁ ይህን ልጅ ጥሩት። ልክ ሳይወስድ ዋጋ ለሚነግራችሁ ቀብድ አትስጡ። እሱን ጥሩት። የአልጋ ቁራኛ የሆነ ወይም አቅመ ደካማ ቤታችሁ ካለ ደግሞ በተለይ እሱን ጥሩት። ስሙንና ስልኩን እዚህ ላይ አልጻፍኩም፤ ሳስፈቅደው «ለጠየቀሽ ብቻ ስጪ» ስላለኝ ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው እሰጣችኋለሁ። አሁን ዝናቡ ስላበቃ ጊዜው ጥሩ ነው፤ ሰኔ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ያኔ ወረፋ አለው።

አንተ ደግሞ ይህን ካነበብክ፣ እማ አርብ ከሰዓት ለቡና ና ብላሃለች። ከመታጠፊያው ስትመጣ ታይሃለች።